በድመት ተሟግቼ የተረታሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ አሶሳ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አየሁ፤ ተራብኩ፣ አገር ለቀቅኩ፣ ቤት ተቃጠለብኝ። ያን ሁሉ ረስቼ ይችን የድመት ነገር መርሳት አቅቶኛል። ብቻዬን ስሆን ትዝ ትለኝና ፊቴ ይግላል፤ ቀጥሎ ደግሞ እስቃለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የሚጽፉልኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። «ይኼ ኑዛዜ ነው ወይስ ጨዋታ?» ብለው ጠየቁኝ። «እርስዎ ብቻ ይጻፉት፣ በኋላ እንለየዋለን» አልኳቸው።

ስሜ ወርቄ ነው። የጎጃም ሰው ነኝ። አባቴ ሙግት ዐዋቂ ነበር፤ በአገራችን ሰው ተጣልቶ ዳኛ ፊት መቆም የፈራ እንደሆን አባቴን ወክሎ ቤቱ ይቀመጣል። እኔም ከአባቴ ኋላ ቁጭ ብዬ ስሰማ አደግኩ። እኩዮቼ ፈትል ሲማሩ እኔ «ተጠየቅ» ብሎ መነሣት፣ ምስክር መጣል፣ ዳኛ ማስነሣት ተማርኩ። እውነቱን ለመናገር ነገር እወዳለሁ። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ዳኛ ቤት አጠገብ ይሥራ» ትለኝ ነበር።

ያገባኝ ግን ነጋዴ ነበር። ከደጋ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ አሶሳ ይወርዳል፤ ቡናና ሰም ይዞ ይወጣል። በዓመት ሰባት ስምንት ወር መንገድ ላይ ነው። እኔ አሶሳ ላይ በቀርከሃ ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ልጅ አልወለድኩም። የአገሩን ቋንቋ አላውቅም። ጠዋት ተነሥቼ የማናግረው ጨው ነበር።

ጨው ብቻም አይደለም፤ አይጥም ነበረ። የአሶሳን አይጥ ያላየ አይጥ አየሁ አይበል። ስልቻ ይቀድዳል፣ አቡጀዲ ይበሳል፣ አሞሌ የታሠረበትን ልጥ በጥሶ ጨውን ወለል ላይ ይበትናል። ባሌ ከመንገድ በመጣ ቁጥር የተበሳውን አቡጀዲ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ያየዋል፤ ቀጥሎ እኔን ያየኛል። አንድም ቃል አይናገርም። ቢናገር በወደድኩ፤ መልስ ነበረኝ።

ከአጥሬ ማዶ ሐሊማ የምትባል የበርታ ሴት ትኖር ነበር። በዐሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔም «እትዬ» ነው የምላት። ባሏ ሞቶባታል። ገበያ ላይ የደረቀ ባሚያና ሰሊጥ ትሸጣለች፤ አማርኛም የለመደችው እዚያው ከደጋ ነጋዴ ጋር ስትነግድ ነው። አሶሳ በገባሁ በሳምንቱ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ሠርታ አመጣችልኝ። ባሚያው እየተጎተተ ከአፌ አልላቀቅ ሲል ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አገኘሁ።

ይህች ሐሊማ አንዲት ቀይ ድመት ነበረቻት። በሐሊማ ቤት አይጥ የሚባል ዘር የለም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ያችን ድመት ሌላ ሴት የጎረቤቷን ሐብል እንደምታይ አያት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሐሊማ ድመቷን በቅርጫት ይዛ መጣች። ሐጅ ልትሄድ ነው። ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር በረሃውን አቋርጣ፣ ባሕሩን ተሻግራ፣ መካ ልትደርስ። ለዚህ ጉዞ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስታስብ እንደኖረች አውቃለሁ። አብረዋት የሚሄዱት አጎቷ፣ ሽማግሌው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«ወርቂት፣ ይህ ድመት አማና ነው» አለችኝ። «አንተ ጠብቅ። እኔ ስመጣ እወስዳለሁ።»

የሐሊማ አማርኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እኔንም ድመቷንም በወንድ ነው የምትጠራን። አማና ማለት በእነሱ ዘንድ አደራ ማለት ነው። እኔም ቅርጫቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ «እሺ እትዬ ሐሊማ፣ ስትመጪ ትወስጃታለሽ» አልኩ። አጎቷ ሰሙ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። ለመጪው የማሽላ አጨዳ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ድመቷን ወለላ አልኳት፤ ጠጉሯ የማር ወለላ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤቴ ያወጣችውን አይጥ ብዛት ብናገር የንስሐ አባቴ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ባሌ በመጣ ጊዜ አቡጀዲውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው፤ ቀዳዳ የለም። እኔን አየኝ። «አበጀሽ» አለኝ። በተጋባን በስንት ዓመቱ።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። በክረምቱ ወባ ያዘኝ። ባሌ የለም፣ ሐሊማ የለች፣ ውኃ የሚያቀብለኝ የለም። ሦስት ቀን ተንቀጠቀጥኩ። ወለላ አንገቴ ሥር ገብታ ተኛች። ስንቀጠቀጥ አትሸሽም፣ ስቃዥ አትሸሽም። አንድ ጊዜ ነቅቼ ልሞት ነው ብዬ ሳለቅስ ግንባሬን ላሰችኝ። ምላሷ ሻካራ ነው፤ ያቃጥላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ድመት እንደ ድመት ማየት ተውኩ። የሚወቅሰኝ ካለ ሦስት ቀን ብቻውን በወባ ይሙትና ያን ጊዜ ያውራኝ።

ከዚያ ወለደች። አራት። ስድስት ወር ቆይታ ደግሞ አምስት። የእኔን ቤት ያየ የአሶሳ ገበያተኛ ሁሉ የድመት ግልገል ለመነኝ፤ እኔም እንደ ሹም ሰጪና ነሺ ሆንኩ። አንዱን ለሌላ የጨው ነጋዴ፣ አንዱን ከባምባሲ ቅቤ ለምታመጣው ሴት፣ ሁለቱን ለሼኽ ሙሳ። ሼኽ ሙሳ የገበያውን ጠብ የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቿም በተራቸው ወለዱ። ሁለተኛው ዓመት ሲገባ አሶሳ ላይ ቀይ ድመት የሌለበት ቤት ማግኘት አይቻልም ነበር።

የማሽላው አጨዳ መጥቶ አለፈ። ሐሊማ አልመጣችም። ሌላም አጨዳ አለፈ። አንድ ቀን ከሱዳን የመጣ ነጋዴ ገበያ ላይ ወሬ አወራ፤ ከአሶሳ የሄዱት ተጓዦች በበሽታ አልቀዋል አለ። እኔ እንደ ሰማሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን አለቀስኩላት። ይህን የምናገረው ከልቤ ማልቀሴ እንዲታወቅልኝ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመጣውን ሳልናገር።

በአራተኛው ቀን ወለላን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳስብ፣ አደራ ሰጪዋ ከሞተች አደራው የማን ነው አልኩ። የአባቴ ልጅ ነኝና መልሱን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። የእኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ወር አልሞላም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደጃፌን ስጠርግ ነጭ ልብስ የለበሰች፣ የከሳች፣ ከፀሐይ የጠቆረች ሴት ከአጥሬ በር ላይ ቆመች። መቁጠሪያ ይዛለች። ትክ ብላ አየችኝ።

«ወርቂት» አለችኝ።

ሐሊማ ናት። አልሞተችም። አሁን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያለቀስኩላት ሴት ቆማ ሳያት አንድ ጊዜ ልቤ ዘለለ። ወዲያው ግን ወለላ ከኋላዬ መጥታ እግሬን ስትታከክ ልቤ ተመልሶ ቁጭ አለ። መጥረጊያውን እንደ ያዝኩ፣ ሴትየዋ ሌላ ቃል ሳትጨምር፣ «ድመቷ የእኔ ናት!» አልኩ።

ሐሊማ የሰማችው አማርኛ እንደሆነ እንኳ የተጠራጠረች መሰለኝ።

«የኔ ድመት?» አለች።

«የእኔ ድመት» አልኩ። «ሁለት አጨዳ አልፎሻል። ሞተሻል ተብሏል። እኔ ነኝ ያበላሁ፣ እኔ ነኝ ያዋለድኩ።» ይህን ብዬ ወለላን ብድግ አድርጌ በሩን ዘጋሁ። የቀርከሃ በር ነውና ሲዘጋ በቀዳዳው ይታያል። ሐሊማ ጥቂት ቆማ መቁጠሪያዋን አየች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም።

ክፉ ቃል ብትናገረኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ዝምታዋ ግን አስፈራኝ። ይህች ሴት ዳኛ ዘንድ ልትሄድ ነው አልኩ። በእኛ አገር ቀድሞ የከሰሰ ሰው ቀድሞ ይናገራል፤ ቀድሞ የተናገረ ደግሞ የዳኛውን ጆሮ ይይዛል። ስለዚህ ሐሊማ ያላሰበችውን እኔ አሰብኩላትና ስምንት ቀን ሙሉ ክርክሬን ሳበጅ ከረምኩ። በስምንቱም ቀን ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲገባ ሲወጣ ይሰማኛል፤ «ሐጃ፣ ሐጃ» ይሏታል። መካ ደርሳ ለመጣች ሴት የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እኔ አልሄድኩም። ተሟጋች ከተሟጋች ጋር ከፍርድ በፊት አይቀላቀልም ብዬ ነው። ይህን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ገበያ ነበር። ሼኽ ሙሳና ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ከሾላው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ በትር ይዤ፣ ወለላን በቅርጫት አንጠልጥዬ ከች አልኩ። ሐሊማ ተጠርታ መጣችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኢድሪስ የሚባል ደጋ የሚነግድ የአገሩ ሰው እንዲያስተረጉም ቆመ።

በቅድሚያ ሼኽ ሙሳ ጠየቁኝ።

«ሐሊማ ምን ወሰደችብሽ?»

«እስካሁን ምንም።»

«ልትወስድ ሞከረች?»

«አልሞከረችም።»

«ታዲያ ከሳሹ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ማን ያስቆመኛል። በትሬን ወደ ሐሊማ ቀስሬ «ተጠየቂ!» ብዬ ጀመርኩ። በአገራችን ደንብ ላም ለርቢ የሰጠ ሰው የሚወለደውን ከጠባቂው ጋር እኩል ይካፈላል አልኩ። ድመት ከላም በምን ታንሳለች አልኩ። ቀጠሮ ያሳለፈ መብቱን አሳለፈ፣ ሞተ የተባለ ሰው አደራው ለጠባቂው ይረጋል አልኩ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተንጎራደድኩ፣ ነጠላዬን እየጣልኩ እያነሣሁ፣ አባቴ ቢያየኝ የሚያለቅስበትን ክርክር አወረድኩት። ገበያው ሥራ ፈትቶ ከበበኝ። ቃሌን ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ኢድሪስ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና አራት ቃል የማይሞላ ነገር ተናገረ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ድመቷን ትወዳታለች አልኳቸው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የዚሁ ዝርዝር ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በእኛ አገር ተሟጋች በነገሩ የተማመነ እንደሆን ማር ይወራረዳል፤ የተረታው ማሩን ለዳኛው ያገባል። ስለዚህ ጉልበቴን ለማሳየት «ማር! የማር ውርርድ ትስጠኝ!» ብዬ በትሬን መሬት ላይ መታሁ። ኢድሪስ ይህን አልቀነሰውም፤ እንዳለ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አንዱ ተነሥቶ ሄደና አንድ ቅል ማር አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ጠየቅሽ» አለ ኢድሪስ። «እንግዳ ናት፣ ብዙ ስለ ጮኸች ደክሟት ይሆናል ብለዋል። ካልበላሽ ያዝናሉ።»

ምን ላድርግ፤ በላሁ። ማሩ ሰፈፍ ነበረውና እስካላምጠው ሰው ሁሉ በትዕግሥት ጠበቀኝ። አፍ ማር ሞልቶ እንዴት ይሟገቷል። ሐሊማ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።

ሰፈፉን ተፍቼ የቀረኝን መሣሪያ አወጣሁ። ሼኽ ሙሳ ከወለላ ልጆች ሁለት አላቸው፤ በቀኛቸው የተቀመጡት አንድ አላቸው። ፍርዱ ወደ ሐሊማ ካዘነበለ የእነሱም ድመቶች የሐሊማ ሊሆኑ ነው። «ዳኞቹ ባለ ጉዳይ ናቸውና ይነሡልኝ» አልኩ። ኢድሪስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ይህን አልተረጉምም፤ እኔ የምኖረው እዚህ አገር ነው» አለኝ።

ከዚያ ተራው የሐሊማ ሆነ። ሳትነሣ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ በራሷ ቋንቋ ጥቂት ተናገረች። ኢድሪስ እየተከተለ ነገረኝ። «ድመቷን አማና ሰጥቻት ነው የሄድኩ። ርቢ የሚባል ነገር አላውቅም።»

«ምስክር አለሽ?» አሉ ሼኽ ሙሳ።

«አጎቴ ነበር» አለች። «ስንመለስ ታመመ። በረሃ ላይ ቀበርኩት።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቅበት መንገድ በዘጋሁት በር በኩል ነበር። ደንግጬ በትሬን ዝቅ አደረግኩ። ከአጥሩ ማዶ ሲገባና ሲወጣ የከረመው ሰው ለካ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ብቻ አልነበረም።

«ሌላ ምስክር የለሽም?» አሉ ሼኽ ሙሳ።

«አንድ አለኝ» አለችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው፣ እኔ ራሴ እንድሰማው። «ወርቂት ሰምቷል። ወርቂት ይናገር።»

አባቴ ምስክር ሲጥል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጠበኛዬ ነው ብሎ ይጥላል፣ ዘመዱ ነው ብሎ ይጥላል፣ ተጠቃሚ ነው ብሎ ይጥላል። የገዛ ተከራካሪዋን ምስክር አድርጋ የምትቆጥር ሴት ግን ገጥሞት አያውቅም። እኔስ ራሴን በምን ልጣላት? ጠበኛዬ ነሽ ልበላት?

ሼኽ ሙሳ «በእኛ ሃይማኖት አናስምልሽም» አሉኝ። «በምታመልኪው በራስሽ ተናገሪ። ሐሊማ ድመቷን ስትሰጥሽ ምን አለች?»

እዚህ ላይ የንስሐ አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። አዎ፣ ልዋሽ አስቤ ነበር። ርቢ ነው የሰጠችኝ ብል የሚያስተባብለኝ የለም፤ የሰሙት ሰው አፈር ውስጥ ናቸው። አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል ተናግሬ ወለላን አንጠልጥዬ ቤቴ መግባት። ቅርጫቱን አየሁ፤ ወለላ ክዳኑ ሥር ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ይህ ሁሉ ጩኸት አንድ ጊዜ እንኳ አልቀሰቀሳትም። ያለ እሷ ያን ቤት አሰብኩት። ጨውንና ጸጥታውን አሰብኩት።

ከዚያ ሐሊማን አየኋት። አልተቆጣችም፤ አትለምነኝምም። ጎረቤት ዕቃ ልታወጣላት ጓዳ ገብታ እስክትመጣ ደጃፍ ላይ እንደምትጠብቅ ሴት ነበር የምትጠብቀኝ። እንደማወጣላት አልተጠራጠረችም።

«አማና ነው ብላኛለች» አልኩ። «ስመጣ እወስዳለሁ ብላኛለች። እኔም እሺ፣ ስትመጪ ትወስጃታለሽ ብያለሁ።»

ኢድሪስ ይህን ግን አላሳጠረም። ቃል በቃል አስተረጎመው። ሼኽ ሙሳ ጢማቸውን ዳበሱና ፈረዱ። ድመቷ የሐሊማ ናት። አማና ከነትርፉ ይመለሳልና የተወለዱትም የሐሊማ ናቸው። ይህን ሁለተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ሁለት ድመት እንዳላቸው ነግሬአችኋለሁ። ቅቤ ሻጯም የጨው ነጋዴውም አንገታቸውን አሰገጉ። ሐሊማ ሳቀችና «ልጆቹ ባሉበት ይሁኑ፣ ሐላል» አለች፤ ፈቅጃለሁ ማለቷ ነው። ገበያው ሁሉ ተነፈሰ፤ ሼኽ ሙሳ ከሁሉ በፊት።

እኔ ቅርጫቱን አንሥቼ በእጇ ሰጠኋትና ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ማንንም ላላናግር፣ ማንንም ላላይ። እንባዬ ያለ ከልካይ ይወርዳል። መረታቱ አይደለም፤ ዛሬ አንገቴ ሥር ማን ይተኛል እያልኩ ነው። ትልቅ ሴት በድመት ታለቅሳለች ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ከአጥሬ በር ስደርስ ከኋላዬ «ወርቂት፣ ቁም» አለችኝ። ሐሊማ ናት፤ እየተከተለችኝ ነበር። ቅርጫቱን በእጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እንካ» አለች። «አሁን የኔ ነው። አሁን ለአንተ ሰጠሁ።»

አልገባኝም።

«መካ ላይ ለአንተ ዱዓ አደረግኩ» አለችኝ። «የኔ ጎረቤት ብቻውን ነው፣ ባሉ መንገድ ላይ ነው አልኩ። በደህና ከገባሁ ይህን ድመት ለወርቂት እሰጣለሁ ብዬ ኒያ አደረግኩ።» ኒያ እኛ ስለት እንደምንለው ያለ ነው፤ በልብ የታሰረ ነገር። «የመጣሁ ቀን ቤቴ አልገባሁም። በፊት ወደ አንተ መጣሁ፣ ልሰጥህ። አንተ በር ላይ የኔ ነው አልክ። የአንተን እኔ እንዴት ልስጥ?»

የቀረውንም ነገረችኝ። የእኔ ነው ባልኩበት ዝም ብላ ብትተወው የገዛ ንብረቴን የሰጠችኝ ትሆናለች፤ ስለቷም ባዶ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የእሷ መሆኑን እኔ ራሴ እስካምንላት ጠበቀች። ዳኛ ልትጠራ ግን አላሰበችም፤ ቁጣዬ እስኪወጣልኝ ልትታገሠኝ ነበር። ዳኛውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ስምንት ቀን ደክሜ፣ ላብ አፍስሼ፣ ማር በልቼ የተሟገትኩት በመጀመሪያው ቀን በእጄ ሊሰጠኝ ደጄ ድረስ በመጣ ነገር ነው።

ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ እኔ አላውቅም። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም። ስለ አጎቷም እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ነበረብኝ፤ እሱም አልወጣልኝም። ቅርጫቱን እንደታቀፍኩ የአጥሬን በር በትከሻዬ ገፍቼ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሁለት ዓመት በረሃና ባሕር አቋርጣ ከመጣች በዘጠነኛው ቀን፣ «እንኳን በደህና መጣሽ፣ ሐጃ» አልኳት።

ገባች። አለቀስንም ተጨዋወትንም።

አሁን አርጅቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሟግቻለሁ፣ ብዙም ረትቻለሁ፤ በምን እንደሆነ ግን አንዱንም አላስታውስ። የመረታቴ ነገር አይቆጨኝም፤ ማሩም ያስቀኛል። የሚቆጠቁጠኝ እነዚያ ስምንት ቀናት ናቸው። የተጨነቀችልኝ ሴት ከአጥሩ ማዶ ለአጎቷ ስታለቅስ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ክርክሬን ሳሳምር ነበር።

ወለላ ብዙ ዓመት አብራኝ ኖረች። ያቺን ድመት የእኔ ናት ብዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው የማን ናት ብሎ ሲጠይቀኝ «ሐጃ የሰጠችኝ ናት» እላለሁ።